ሒሳብን እየፈቱና ታሪኩን እየተከተሉ መማር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ውስጥ ጥቂት መምህራን ሆነን ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ከ5ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ያሉ ልጆችን ሰብስበን ሒሳብ እናሠራለን። ክፍያ የለውም፤ ማርክም የለውም። ልጆቻቸውን ሊያደርሱ የሚመጡ ወላጆች በር ላይ የሚጠይቁን ነገር ከሳምንት ሳምንት ተመሳሳይ እየሆነ ስለሄደ፣ ከባልደረቦቼ ጋር ተመካክረን መልሱን በጽሑፍ ማኖሩ ይሻላል አልን። መጻፉ በእኔ ላይ ስለ ወደቀ፣ አንዳንዱ መልስ ላይ የእኔ አመለካከት ጎላ ብሎ ቢታይ አንባቢ ይታገሠኝ።

ሒሳብን አስደሳች ማድረግ ስትሉ ጨዋታ ማለታችሁ ነው?

አይደለም። ጨዋታን አንጠላም፤ ገበጣ የሚጫወት ልጅ በየጉድጓዱ ያሉትን ጠጠሮች ቆጥሮ የመጨረሻዋ የት እንደምታርፍ አስቀድሞ ማስላት ስላለበት፣ ሳያውቀው ሒሳብ እየሠራ ነው። ነገር ግን ሒሳቡ መራራ መድኃኒት፣ ጨዋታው ደግሞ ማር ተደርጎ ሲቀርብ ልጁ ማሩን ይልስና መድኃኒቱን ይተፋዋል። እኛ ደስታ የምንለው፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አልፈታ ብሎ የቆየ ነገር በድንገት ሲገለጥ የሚሰማውን ነው፤ ይህ ደግሞ ያለ ድካሙ አይገኝም። ስለዚህ አዲስ የመጡ ልጆችን የምንቀበላቸው፣ ለመጀመር ምንም ትምህርት በማይፈልግ፣ ለመጨረስ ግን ላብ በሚጠይቅ ጥያቄ ነው።

ከእነዚህ አንዱን ብዙ አንባቢ ከአያቶቹ ሰምቶት ይሆናል። አንድ ሰው ነብር፣ ፍየልና አንድ እሥር ቅጠል ይዞ ዐባይ ከጣና በሚወጣበት ዳርቻ ቆሟል። ታንኳይቱ ከደንገል የተሠራች ጠባብ ስለሆነች ከቀዛፊው ሌላ አንድ ነገር ብቻ ትይዛለች። ሰውየው ከሌለ ነብሩ ፍየሏን፣ ፍየሏም ቅጠሉን መብላታቸው አይቀርም። ሦስቱንም በደኅና እንዴት ያሻግራቸዋል? ይኸው ጥያቄ ተኩላን፣ ፍየልንና ጎመንን ይዞ በአውሮፓ ከ1,200 ዓመት ገደማ በፊት ለኖረው ለሊቁ ለአልኩዊን በሚሰጥ የጥያቄዎች ስብስብ ውስጥም ይገኛል። ልጆቹ ወለሉ ላይ በጠመኔ ወንዝ ሥለው፣ አንዱ ነብር፣ አንዷ ፍየል፣ አንዱ ቅጠል ሆነው ይሻገራሉ። መልሱን እዚህ አልጽፈውም፤ የሚፈታው ግን ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ነው፦ ፍየል የሆነችው ልጅ «እኔ ከተሻገርኩ በኋላ ተመልሼ መምጣት እችላለሁ?» ብላ ስትጠይቅ። ያሻገሩትን መልሶ ማምጣት ኪሳራ ስለሚመስል ማንም ቶሎ አያስበውም። ይህ ከታሰበ በጠቅላላው ሰባት ጉዞ ይበቃል።

ታሪክ ለምን አስፈለገ? የሞቱ ሰዎችን ስም ማወቅ ሒሳብ ያስችላል?

ስም ማወቅ ብቻውን ምንም አያስችልም። ይህን ያልኩት ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቅዳሜ ስለ ጥንት ሊቃውንት አርባ ደቂቃ ሙሉ ተረክሁ፤ ልጆቹ ትንፋሻቸውን ይዘው አዳመጡኝ፤ እኔም በራሴ ተደሰትኩ። ከዚያ ሰሌዳው ላይ አንድ ጥያቄ ብጽፍ እጁን ያወጣ አልነበረም። ተረት ሰምተው ነበር እንጂ ሒሳብ አልተማሩም። ከዚያ ወዲህ ታሪኩ በልጁ እጅ ላይ የሚሠራ ጥያቄ ጥሎ የማይሄድ ከሆነ አናነሣውም።

የሚሠራውን ታሪክ ዓይነት በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበረው ኤራቶስቴንስ፣ ሲየን በምትባለው፣ ዛሬ አስዋን በምንላት ከተማ በዓመቱ ረጅሙ ቀን ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን ጥላ እንደሚጠፋ ያውቅ ነበር። በዚያው ቀትር እስክንድርያ ላይ የቆመ ዘንግ ግን ጥላ አለው፤ የጥላው ማዕዘን ሲለካ የሙሉ ክብ ሃምሳኛ እጅ ሆነ። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት 5,000 ስታድያ (የጥንት ግሪኮች የርቀት መለኪያ) ከሆነ፣ የምድር ዙሪያ የዚያ ሃምሳ እጥፍ፣ ማለትም 250,000 ስታድያ ነው። ከጣና የሚወጣው ውኃ በአስዋን በኩል ወደ እስክንድርያ አቅጣጫ ስለሚያልፍ ልጆቹ ከተሞቹን በካርታ ላይ ወንዙን በጣታቸው እየተከተሉ ያገኟቸዋል።

እዚህ ላይ ታሪኩን አቁመን «ባሕር ዳር ላይስ ጥላ የሚጠፋበት ቀን አለ?» ብለን እንጠይቃለን። አለ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትሄድ በሚያዝያ 12 አካባቢ፣ ስትመለስ ደግሞ በነሐሴ 16 ወይም 17 አካባቢ ቀጥታ በአናታችን ላይ ታልፋለች። የነሐሴውን ደመና ይጋርደዋል፤ የሚያዝያው ግን የእኛ ነው። አንድ ሜትር ዘንግ በሐይቁ ዳር ሜዳ ላይ በቱንቢ አቁመን፣ ከ6 ሰዓት ጀምሮ በየአምስት ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት አደረግን። ቀትር በሰዓታችን 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 6 ሰዓት ተኩል ገደማ መሆኑ ራሱ ብዙ አከራከረ፤ የአገሪቱ ሰዓት የሚቆጠርበት መስመር ከእኛ በስተምሥራቅ ስለሆነ ፀሐይ ባሕር ዳር የምትደርሰው ዘግይታ ነው። ጥላው እያጠረ እያጠረ ሄዶ ከዘንጉ እግር ሥር ሲገባ አንድ የ6ኛ ክፍል ልጅ የራሱን ጥላ ፍለጋ ዙሪያውን ዞረ።

በዚያው ሰዓት የአንዷ ተማሪ አጎት ጎንደር ላይ እንደዚሁ አንድ ሜትር ዘንግ አቁመው ጥላውን እንዲለኩልን በስልክ ተለምነው ነበር። ጎንደር ከባሕር ዳር በስተሰሜን ቀጥታ ለማለት በሚያስደፍር አቅጣጫ ላይ ስለምትገኝ ለዚህ ሥራ የተመረጠች ከተማ ናት። አጎትየው «2 ሳንቲ ሜትር» አሉን። ዘንጉን ሬድየስ ያደረገ ክብ ዙሪያው 628 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ 2 ሳንቲ ሜትር የክቡ 314ኛ እጅ ነው። ስለዚህ የባሕር ዳርንና የጎንደርን ርቀት በ314 ብናባዛ የምድርን ዙሪያ እናገኛለን ማለት ነው። ልጆቹ ወዲያው የሚያውቁትን የመኪና መንገድ 180 ኪሎ ሜትር አስገቡና 56,520 አገኙ። ትክክለኛው 40,000 ገደማ ነው። ያን ዕለት የተማርነው ትልቁ ትምህርት ከዚህ ስሕተት የመጣ ነው፤ መንገዱ ሐይቁን ዞሮ ተራራውን ተጠማዝዞ የሚሄድ እንጂ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ የሚሄድ አይደለም። ከካርታ ላይ በማስመሪያ ስንለካ ቀጥታው 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ፤ በ314 ሲባዛ 34,854 ይመጣል። የቀረውን ልዩነት የፈጠረው የጥላው ጫፍ ደብዛዛ መሆኑ ነው፤ ፀሐይ ነጥብ ሳትሆን ግማሽ ዲግሪ ያህል ስፋት ያላት ክብ ስለሆነች የጥላው ጫፍ ጥርት ብሎ አይታይም፣ ግማሽ ሳንቲ ሜትር መሳት ደግሞ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ያስከፍላል። በአንድ ዘንግና በአንድ የስልክ ጥሪ ይህን ያህል መቅረባችን ግን ዛሬም ያስደንቀኛል።

ልጄ የማባዛት ሰንጠረዥን በቃሉ አልያዘም። ከእናንተ ጋር መቀመጥ ይችላል?

ይችላል። ሰንጠረዡን መያዙ የማይቀር ነው፤ እስኪይዘው ድረስ ግን ከሒሳብ ውጭ ሆኖ መቆየት የለበትም። ለእንደዚህ ዓይነቱ ልጅ በውጭ መጻሕፍት «የኢትዮጵያውያን ማባዛት» እየተባለ የሚጠራውን ዘዴ እናሳየዋለን። የሚያስፈልገው እጥፍ ማድረግና መግመስ ብቻ ነው።

ከዘጌ 23 ፈረሱላ ቡና መጣ እንበል፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። በግራ 23ን እየገመስን፣ ግማሿን እየጣልን እንወርዳለን፦ 23፣ 11፣ 5፣ 2፣ 1። በቀኝ 17ን እጥፍ እያደረግን እንወርዳለን፦ 17፣ 34፣ 68፣ 136፣ 272። በግራ ተጋማሽ ቁጥር ያለበትን ረድፍ እንሰርዛለን፤ እዚህ የ2 ረድፍ ነው፣ ከእሱም ጋር 136 ይሄዳል። የቀሩትን የቀኝ ቁጥሮች ስንደምር 17፣ 34፣ 68 እና 272 አንድ ላይ 391 ይሆናሉ። መልሱ 391 ኪሎ ነው።

ልጆቹ ይህን አይተው መጀመሪያ አስማት ይመስላቸዋል፤ እኛም ለጥቂት ደቂቃ አስማት ሆኖ እንዲቆይ እንተወዋለን። ከዚያ «የተሰረዘው ለምን ተሰረዘ?» የሚለው ይመጣል። ምሥጢሩ 23 ማለት 16፣ 4፣ 2 እና 1 ሲደመሩ መሆኑ ነው፤ 8 ስላልተፈለገ የ8 እጥፉ 136 ተጣለ። የግብፅ ጸሐፊው አሕሜስ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1550 ገደማ በጻፈው ፓፒረስ ላይ ያለው ማባዛት በዚሁ በእጥፍ የሚሄድ ነው፤ ኮምፒዩተርም በውስጡ ቁጥርን የሚያስቀምጠው በሁለት እጥፎች ነው። ጎበዝ ለሆኑት ደግሞ ይኸንኑ ሒሳብ በግእዝ ቁጥር ሠርተው እንዲያመጡ እንሰጣለን። ፳፫ን በ፲፯ በሰሌዳ ላይ እንደለመዱት ደርድረው ሊያባዙ ሲሞክሩ፣ ግእዝ ዜሮም የአሃድና የአሥር ቤትም ስለሌለው እጃቸው ይታሰራል፤ በእጥፍ ዘዴው ግን ፫፻፺፩ ላይ ይደርሳሉ። ዜሮ ምን ያህል ሥራ እንደሚሠራ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ባሕረ ሐሳብን ለምን ታስተምራላችሁ? የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም?

የበዓላትንና የአጽዋማትን ቀን የሚያወጣ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው፤ ለድሜጥሮስ ዘእስክንድርያም ይሰጣል። እኛ የምናስተምረው በዓል አወጣጡን ሳይሆን ውስጡ ያለውን ሒሳብ ነው፤ ሙስሊም ልጆችም አብረውን ይሠሩታል፣ እንዲያውም የጨረቃ ዓመት 354 ቀን መሆኑን ከሁሉም ቀድመው የሚናገሩት እነሱ ናቸው። በደጃችን ያለ፣ በቃል የሚታወቅ፣ ለምን እንደሚሠራ ግን ብዙ ሰው ያልጠየቀው ሒሳብ ማግኘት ለአንድ መምህር ሲሳይ ነው።

2018 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል ቀሪው 13 ነው፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ፣ ማለትም ዓመቱ በ19 ዓመት ዑደት ውስጥ ያለው ቦታ፣ 12 ይሆናል። ወንበሩን በ11 አባዝተን ሠላሳ ሠላሳውን ስንገድፍ አበቅቴው 12፤ በ19 አባዝተን ሠላሳ ሠላሳውን ስንገድፍ መጥቅዑ 18 ይወጣል። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ሆኑ። ልጆቹ ሌላ ዓመት ይሞክራሉ፤ አሁንም 30። የልደታቸውን ዓመት ይሞክራሉ፤ አሁንም 30። «የ4,000 ዓ.ም.ስ?» ይላል አንዱ። በየዓመቱ መሞከር ማለቂያ እንደሌለውና ሌላ መንገድ እንደሚያስፈልግ የሚገባቸው እዚህ ላይ ነው። የወንበር 11 እጥፍና የወንበር 19 እጥፍ ሲደመሩ የወንበር 30 እጥፍ ስለሚሆኑ፣ ሠላሳ ሠላሳው ሲገደፍ ምንም ትርፍ ሊኖር አይችልም። በፊደል የተጻፈ አልጄብራ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማስረዳት ብዙ ዓመት ደክሜያለሁ፤ ይህን ያህል የሠራልኝ ግን የለም፤ አንድ መስመር ጽሑፍ ዘመናትን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጨርሳቸዋል።

ወንበሩ ዜሮ ሲሆንስ? ሁለቱም ዜሮ መሆን ነበረባቸው፤ ሥርዓቱ ግን ያን ጊዜ አበቅቴው አልቦ፣ መጥቅዑ 30 ነው ይላል። ይህን ቀዳዳ ባለፈው ዓመት አንዲት የ8ኛ ክፍል ልጅ ማንም ሳይነግራት አገኘችው።

ከዚህም የጠለቀ አለ። 11 የመጣው የፀሐይ ዓመት 365 ቀን፣ የጨረቃው 354 ስለሆነ ነው፤ በየዓመቱ 11 ቀን ይተርፋል። 19 ዓመት ሲሞላ ግን 11 በ19 ሲባዛ 209 ይሆናል፤ ሠላሳው ሲገደፍ 29 ይቀራል እንጂ ዜሮ አይሆንም። ታዲያ ዑደቱ እንዴት ይዘጋል? በዑደቱ መጨረሻ ይህ ትርፍ፣ ማለትም አበቅቴው፣ በ11 ፈንታ በ12 እንዲዘል ተደርጓል፤ አንዷን ቀን የሚጠይቀው ሰማዩ ራሱ ነው። 19 የፀሐይ ዓመት በባሕረ ሐሳቡ አቆጣጠር 6,939 ቀን ከሦስት ሩብ ሲሆን፣ 235 የጨረቃ ወር ደግሞ ከዚያ የሚያንሰው በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው። የአቴናው ሜቶን ይህን የ19 ዓመት ዑደት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 አውጆት ስለነበር ዑደቱ በስሙ ይጠራል።

የዕንቁጣጣሽን ዕለት ማውጣት ደግሞ ለትንንሾቹ ይበቃል። ዓመተ ዓለሙን ለ4 አካፍሎ ድርሻውን ከዓመተ ዓለሙ ጋር መደመር፣ ከዚያ ለ7 ማካፈል ነው፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማክሰኞ፣ 2 ከሆነ ረቡዕ እያለ ይሄዳል። 7518 እና 1879 ሲደመሩ 9397፤ ለ7 ሲካፈል ቀሪው 3፤ ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 2018 ሐሙስ ነበር። ለምን አራትና ሰባት እንደገቡበት ለመመለስ፣ 365 ማለት 52 ሳምንት ከአንድ ቀን መሆኑንና በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን እንደሚጨመር ማየት በቂ ነው።

ልጁ አንድ ጥያቄ ላይ ሲቸገር ምን ያህል ጊዜ እንተወው?

ከምታስቡት በላይ። ብዙ ወላጅም ብዙ መምህርም፣ እኔም ጭምር፣ ልጅ ዝም ብሎ ወረቀት ሲያይ መታገሥ ያቅተናል፤ ዝምታው የስንፍና ይመስለናል። እኛ ጋ ያለው ደንብ ልጁ የሞከረውን ሳያሳይ ፍንጭ አይሰጠውም የሚል ነው፤ የተሳሳተ ሙከራም ቢሆን ይቆጠራል። ፍንጩም ራሱ ጥያቄ ነው፦ «ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንስ?»፣ «ብትሥለውስ?»፣ «ከመጨረሻው ወደ ኋላ ብትሄድስ?» ልጁ ተናዶ ካለቀሰ ግን ደንቡ ይቅርና ወደ ሻይ እንወጣለን።

ፈረንሳዊው የሒሳብ ሰው ፌርማ በ1637 እ.ኤ.አ. ገደማ በመጽሐፍ ዳርቻ ላይ የተዋትን አንዲት መስመር ለማረጋገጥ ከ350 ዓመት በላይ ፈጅቷል። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሰው አንድሩ ዋይልስ በ1993 ፈታሁት ብሎ ለዓለም ካወጀ በኋላ ማረጋገጫው ውስጥ ቀዳዳ ተገኘበት፤ በ1994 ዳግም ተቀምጦ ደፈነው። ለልጆቹ የምንነግራቸው በተለይ ይህን የመሐሉን ዓመት ነው፤ ዓለም ሁሉ እያየው ተሳስቶ ያሳለፈውን።

ልጄ «ለምን» እያለ መምህሩን ያስቸግራል። ይህን አታባብሱትም?

እናባብሰዋለን፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። እኔ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ሲባዛ ለምን ፖዘቲቭ እንደሚሆን ጠይቄ፣ ያገኘሁት መልስ መዳፌ ላይ ያረፈ ማስመሪያ ነበር። ትምህርት ቤቱንም መምህሩንም አልጠራም፤ ሲያስተምሯቸው ምናልባት እሳቸውም እንዲሁ ተመልሶላቸው ይሆናል። ጥያቄው ግን የሞኝ አልነበረም። የሕንዱ ብራህማጉፕታ በ628 እ.ኤ.አ. የእነዚህን ቁጥሮች ሕግ ሲጽፍ አንዱን ሀብት፣ ሌላውን ዕዳ ብሏቸዋል፤ ሆኖም ከዚያ ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ እንኳ በአውሮፓ ኔጌቲቭ ቁጥርን አንቀበልም ያሉ የሒሳብ ሰዎች ነበሩ። ሊቃውንት ያንገራገሩበትን ነገር አንድ የ13 ዓመት ልጅ በአንድ ክፍለ ጊዜ ካልዋጠ ምን ይደንቃል?

ልጁ ቤት ሲጠይቅዎ እንዲህ ሊሉት ይችላሉ። ሱቅ ደብተር ላይ የ2 ብር ዕዳ ሦስት ቦታ ተጽፎብሃል፤ ባለሱቁ ሦስቱንም ሰረዘልህ። ዕዳ ሲነሣ ነው፣ ሦስት ጊዜ፤ ስንት ብር ተጠቀምክ? ይህ ምሳሌ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ ማረጋገጫውን ቅዳሜ ይዞ ይምጣ።

ለፈተና ይጠቅማል?

በቀጥታ ለመናገር፣ በሚቀጥለው ወር ፈተና ላለበት ልጅ ያለፉት ዓመታት ጥያቄዎችን መሥራት ከእኛ ክበብ ይበልጥ ይጠቅመዋል። የእኛ ልጆች እንዲያውም አንዳንዴ ይዘገያሉ፤ አንድ አባት «ልጄ አንድ ጥያቄ ላይ ተተክሎ ሌላው አለፈው» ብለው በትክክል ወቅሰውናል፣ ከዚያ ወዲህ ስለ ሰዓት አጠቃቀም ለብቻው እንነግራቸዋለን። የምናየው ጥቅም ሌላ ነው፤ አይቶት የማያውቀው ጥያቄ ሲመጣ ልጁ «ይህን አልተማርነውም» ብሎ እርሳሱን አያስቀምጥም። ይህ የሚመጣው በወራት ሳይሆን በዓመት ነው።

እኔ ሒሳብ አላውቅም። ቤት ውስጥ ምን ላግዘው?

አለማወቅዎ ይጠቅማል፤ መልሱን አይነግሩትምና። እንዲያስረዳዎት ይጠይቁት፤ ካልገባዎት «አልገባኝም» ይበሉት፤ ከልብዎ ስለሚሉት ልጁ ሊያታልልዎ አይችልም። ሥራዎም ሒሳብ አለው። ታንኳ የሚሠሩ አባት ስንት እሥር ደንገል ስንት ሰው እንደሚይዝ ያውቃሉ፤ ልብስ ሰፊ ከጨርቅ ላይ ብክነቱን እንዴት እንደሚያሳንስ ያውቃል፤ እንጀራ የሚጋግሩ እናት የምጣዱ ስፋት በትንሹ ሲጨምር የሚፈስሰው ሊጥ ምን ያህል እንደሚጨምር በእጃቸው ያውቁታል። ይህን የመጨረሻውን ልጅዎ በቁጥር እንዲያወጣው ይስጡት፤ ወርዳቸው 50 እና 60 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሁለት እንጀራዎች የገጽ ስፋት ልዩነት ከአርባ በመቶ በላይ መሆኑን ሲያገኝ እርስዎም ይደነቃሉ።

የምታስተምሩት በአማርኛ ነው ወይስ በእንግሊዝኛ?

በአማርኛ እናስባለን፤ ልጆቹ ወደ ከፍተኛው ክፍል ሲሻገሩ የሚገጥማቸውን የእንግሊዝኛ ቃል ደግሞ ጎን ለጎን እንጽፋለን። ቃሉን በባዶ ማሸምደድ እንዳይሆን አመጣጡን እንነግራቸዋለን። አልጄብራ የሚለው ቃል በ820 እ.ኤ.አ. ገደማ ባግዳድ ውስጥ አል-ኸዋሪዝሚ ከጻፈው መጽሐፍ ርእስ የመጣ ነው፤ «አል-ጀብር» በዐረብኛ የተሰበረን ወደ ቦታው መመለስ ማለት ነው፤ የወጌሻ ሥራ። ከእኩልታው በአንድ ወገን የተቀነሰውን በሁለቱም ወገን ጨምሮ መጠገን ማለት ነው። ወጌሻን የሚያውቅ ልጅ ቃሉን አይረሳውም።

የእሱንም ዝነኛ ጥያቄ በወረቀት ቆርጠን እናሠራለን፦ የአንድ ቁጥር ካሬና የዚያው ቁጥር 10 እጥፍ ሲደመሩ 39 ከሆኑ ቁጥሩ ስንት ነው? ጎኑ የማይታወቅ ካሬ ቆርጠው፣ 10ሩን ለሁለት ከፍለው 5 ስፋት ያላቸውን ሁለት ቁራጮች በሁለት ጎኑ ያጣብቃሉ። አንድ ጥግ ጎድሎ ይታያል፤ 5 በ5፣ ማለትም 25። እሱን ሲሞሉት 39 እና 25 ሲደመሩ 64፤ የትልቁ ካሬ ጎን 8፤ የትንሹ 3።

ምን ይዞ ይምጣ? የዕድሜ ገደብስ አለ?

ደብተርና እርሳስ። ካልኩሌተር አያስፈልግም፣ ስልክ በር ላይ ይቀመጣል። ከ5ኛ ክፍል በታች ያሉትን ገና አንቀበልም፤ ቦታ ስለሌለን ነው።

መልስ የሌላቸውን ጥያቄዎች ለልጆች ትሰጣላችሁ የሚባለው እውነት ነው?

ገና መልስ ያልተገኘላቸውን እንሰጣለን። በጣም የሚወዱት ጀርመናዊው ሎታር ኮላትዝ በ1937 እ.ኤ.አ. አነሣው የሚባለውን ነው። አንድ ቁጥር ያዝ፤ ተጋማሽ ከሆነ ለ2 አካፍለው፤ ካልሆነ በ3 አባዝተህ 1 ጨምርበት፤ በወጣውም ላይ ይህንኑ ድገም። ከ7 ብንነሣ 22፣ 11፣ 34፣ 17፣ 52፣ 26፣ 13፣ 40፣ 20፣ 10፣ 5፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ ከዚያ 1። እስካሁን የተሞከረው ቁጥር ሁሉ መጨረሻው 1 ሆኗል፤ ሁልጊዜ እንደዚያ መሆኑን ግን እስከ ዛሬ ማንም አላረጋገጠም። ለ5ኛ ክፍል ልጅ ሊገባው የሚችል፣ ለፕሮፌሰሩም ያልተፈታ ጥያቄ መኖሩን ሲሰሙ መጀመሪያ አያምኑንም።

ወላጆች አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ልጅዎ ከ27 እንዲነሣ ከተሰጠው እራት ሰዓት ላይ ላይጨርስ ይችላል። 1 ላይ ለመድረስ 111 እርምጃ አለው፤ በመሐሉም እስከ 9,232 ድረስ ይወጣል። አንድ ቦታ ላይ ከተሳሳተ ሌላ መንገድ ይዞ ይሄዳል፤ ስለዚህ ደብተሩ ላይ ሁለት ገጽ ሙሉ ተሰርዞ ቢያዩት አይቆጡት፣ የትኛው መስመር ላይ እንደሳተ እየፈለገ ነው።